በአስር ጊጋ ውስጥ የነበረው ከተማ

ድሮ ጌም ትንሽ ነበር የሚባለው ውሸት ነው። ይህን የሚያወሩት አብዛኛውን ጊዜ የእኔ እኩዮች ናቸው። ጸጉራቸው ሳስቶ፣ ቦርጫቸው ወጥቶ፣ ልጆቻቸው አንድ ጌም ለማውረድ የቤቱን ኢንተርኔት ሦስት ቀን ሙሉ ሲያንቁት እያዩ፣ «በእኛ ጊዜ እኮ ሁሉም ነገር በአንዲት ሲዲ…» ብለው ይጀምራሉ። በእኛ ጊዜም ጌሙ ከዲስካችን ይበልጥ ነበር። ሁልጊዜም ይበልጣል። አልጋው በረዘመ ቁጥር እንግዳውም አብሮ የሚረዝምበት ቤት ማለት ነው፤ እግሩ ከአልጋው ውጭ ያላደረበት ዘመን እኔ አላውቅም። በበኩሌ ትልቅ ጌም በሚሠሩ ሰዎች ላይ ቂም የለኝም። እያንዳንዱን የሣር ቅጠል ለብቻው ለመሣል የሚደክም ሰው ክፉ ሰው ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት ትንሽ ሥራ የፈታ ነው። ቂሜ ከሌላ ሰው ጋር ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ ማህሌት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ ሐኪም የበሽታ ስም እንደሚናገረው ረጋ ባለ ድምፅ፣ «አባዬ፣ መቶ ሠላሳ ጊጋ ይፈልጋል» አለችኝ። «ያለን ስልሳ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ያንተን ፎልደሮች እናያለና።»

ማየት ጀመረች። ያላለቁ ጽሑፎቼን፣ አንብቤ የማልጨርሳቸውን መጻሕፍት፣ የሟች እናቴን የጡረታ ወረቀት አለፈቻቸውና አንዱ ላይ ቆመች። «ይሄ ጅማ የሚለው ምንድን ነው? ዘጠኝ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ልሰርዘው?»

ዘጠኝ ፎቶ ለእሷ ጌም የአንድ ጠጠር ቦታ እንኳ አይሆንም። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ግን «ልሰርዘው?» የሚለው ቃል ወደ ጅማ ወሰደኝ። አንዴ ያንን ጥያቄ አንድ ኮምፒውተር ጠይቆን ነበር፤ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ታምራት ቤት።

የታምራት ቤት ማስታወቂያ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላምኔሽን» ይላል። የጌሙን ነገር አይጽፍም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ጠዋት ጠዋት ማመልከቻ ይጻፍበታል፤ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወቱበታል። ሦስት ኮምፒውተር ነበሩት። ሁለቱ ለጽሕፈት እንኳ እያቃሰቱ ነበር የሚሠሩት፤ ሦስተኛው ግን አስር ጊጋ ዲስክ አለው ተብሎ ከተማው ውስጥ ስሙ የሚነሳ ነበር። አስር ጊጋ! ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ በቁልፍ መያዣዬ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ያኔ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ አንድ ብር ነበር። ባጃጅ ጅማ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ሱሪዬ እስከ እምብርቴ የሚደርስ፣ እግሩ ላይ ሁለት ሰው የሚያስገባ ነበር፤ ፋሽን ነው ተብዬ። ዝናብ ሲዘንብ ከጎረቤቱ መጋዘን የረጠበ ጆንያና ከነገለባው የደረቀ የጀንፈል ቡና ሽታ ይገባል። ይህ ሽታ ዛሬም ድንገት ካገኘኝ እጄ ማውስ ይፈልጋል።

ጌም ሲጫን ሦስት ምርጫ ይሰጥ ነበር፦ ሙሉው፣ መካከለኛውና ትንሹ። ሙሉውን መርጦ የሚያውቅ ሰው በጅማም፣ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞችም አልገጠመኝም። ሁልጊዜ ትንሹን ነበር። ትንሹ ማለት ሙዚቃ የለውም፤ መግቢያው ላይ የሚታየው ፊልም የለውም፤ የኳሱ ጌም ከሆነ የተመልካች ጩኸትም፣ የጋዜጠኛ ድምፅም የለውም። ሃያ ሁለት ሰዎች በፍጹም ጸጥታ፣ ቀብር ላይ እንዳሉ ሆነው ኳስ ይራገጣሉ። ስለዚህ ጋዜጠኛው ታምራት ነበር። ፎቶ ኮፒ እያነሳ፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ፣ «ያዘ፣ አለፈው፣ አሁንም አለፈው፣ ሜ፣ ሜ፣ ምታው እንጂ ያ ነማ!» ይላል፤ በኦሮምኛ «እስቲ፣ እስቲ፣ አንተ ሰው» ማለቱ ነው። ሙዚቃው ደግሞ ከፊት ለፊቱ ካሴት ቤት ይመጣል። አንዱን የፍቅር ዘፈን በቀን ሠላሳ ጊዜ ያስጮኹት ነበር። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን ሠርግ ላይ ሲዘፈን፣ ሌላው ሙሽሮቹን ያያል፤ እኔ ማዕዘን ምት የሚመታ ይመስለኛል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ጌም በሙሉ ጭነቱ፣ ከነጩኸቱ አገኘሁትና አምስት ደቂቃ ሳልጫወት ዘጋሁት። ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ትንሹም ቢሆን ግን አልበቃም። ስድስት ሰዎች ነበርን፤ የስድስታችን ጌም በአንድ ዲስክ ላይ አይሆንም። ጠብ ተነሳ፤ ኩርፊያ ተነሳ፤ አንዱ የሌላውን እየሰረዘ የራሱን መጫን ጀመረ። በመጨረሻ አባቶቻችን ጠብን በሚያበርዱበት ዘዴ አበረድነው፤ እቁብ ጣልን። የገንዘብ አይደለም፣ የቦታ እቁብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስማችን በተጠቀለለ ወረቀት ታምራት ኮፍያ ውስጥ ይገባል፤ የወጣለት ሰው ለሳምንቱ ቦታው የእሱ ነው፤ የፈለገውን ይጭናል። ተምሯል ተብዬ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። ደንቡንም እኔው ነኝ የጻፍኩት። ከሁሉ የምኮራበት አንቀጽ «ባለቤቱ በሌለበት ጌም አይሰረዝም፤ የሚሰርዘውም ባለቤቱ ራሱ፣ በገዛ እጁ ነው» የሚለው ነበር። ፍትሕ ያለው አንቀጽ ይመስል ነበር።

በኋላ ሰባተኛ ሆነው የገቡት ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ጅማ ያረጁ። መንገድ ሲሰፋ ሱቃቸው ፈርሶ በሰው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ነበር የሚሠሩት። ታምራት ቤት የመጡት ስለዚያ ሱቅ ማመልከቻ ለማጻፍ ነው። በዚያን ዕለት የማተሚያው ቀለም አለቀ፤ ታምራትም ሊገዛ ሲወጣ፣ እንዳይሰለቹ ብሎ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮ የመጣውን፣ ጎል የለው፣ የሚተኮስበት ሰው የለው ብለን ማንም ያልነካነውን አንድ ጌም ከፈተላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከተማ መሥሪያ ነው ጋሽ ሸምሱ።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«መሬቱን ማን ሰጠኝ?»

«ማንም። ዝም ብሎ የእርስዎ ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «አላህ ይምራህ ታምራት፣ በሽማግሌ አትቀልድ።»

ማመልከቻው ታትሞ ወጣ፤ እሳቸው ግን አልወጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስማቸውን በኮፍያው ውስጥ አስገቡ። ጌማቸው ከሁሉም ትንሹ ስለነበር፣ ሳምንታቸው ካለፈም በኋላ ማንም ይሰረዝ አላላቸውም፤ በትልልቆቹ መካከል ተሸጉጦ ኖረ። በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ ለአንድ ሰዓት ይመጣሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን ምስሎቹን በቀለማቸው ለይተው አጠኗቸው። መንገድ ሲዘረጉ ከአንገታቸው ላይ ሜትራቸውን አውርደው ስክሪኑ ላይ ይለካሉ፤ የተንጋደደ መንገድ አይወዱም። ታምራት መስታወቱ ተቧጨረ እያለ ሲነጫነጭ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከአሮጌ ሜትራቸው ሃያ ስምንት ሳንቲሜትር ቆርጦ በስክሪኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ ለጠፈላቸው። በዚያ ሜትር እየለኩ የድሮ ሰፈራቸውን ሠሩ። ጌሙ መስጊድ ስለሌለው ጉልላት ያለውን አንድ ትልቅ ሕንፃ አቆሙና መስጊድ ነው አሉን፤ ተቀበልን። ስታዲየሙ መናኸሪያ ሆነ። ከድልድዩ አጠገብ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ትንሿ ሱቅ የማን እንደሆነች ማንም አልጠየቀም።

የከተማው ሰዎች በእንግሊዝኛ አቤቱታ ይልኩላቸዋል። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«ቲቸር፣ ምን አሉ?»

«ውሃ የለም አሉ።»

«እውነታቸውን ነው። ሌላስ?»

«መንገዱ ተጣቧል፣ ይስፋልን አሉ።»

«እሱን አልሰማሁም።»

በጋሽ ሸምሱ ከተማ መንገድ ሰፍቶ አያውቅም። ሕዝቡ ተጨናንቆ፣ መኪናው ተፋፍጎ፣ ግን ሁሉም ሱቅ በቦታው ነበር። ከሊሙ ገነት በየሳምንቱ የሚመጣው ድሪባ እንኳ፣ ከተኩስ ጌም ውጭ ጌም መኖሩን የማያምነው፣ ከኋላቸው ቆሞ ያያቸው ነበር። «ኦቦ ሸምሱ፣ ሊሙ ገነትንም ይሥሩልኝ እስኪ፤ አስፋልት ይጨምሩባት» ይላቸዋል። «አንተ መጀመሪያ ጫማህን ጥረግ፣ ጭቃህ ከተማዬ ገባ» ይሉታል።

ድሪባ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ቡና ከጫነ መኪና ጋር አዲስ አበባ ሲወጣ፣ ሲመለስ ከቆዳ ጃኬቱ ውስጥ ሲዲ ይዞልን ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጃኬቱን እንደ መጋረጃ ገለጠው። «ወላሂ፣ አራት ሲዲ! አንድ ጌም፣ አራት ሲዲ ነው!» አራቱንም ተቀባብለን እንደ አራስ ልጅ በጥንቃቄ አገላበጥናቸው። የጦርነት ጌም ነበር። በዚያን ቀን ከኮፍያው የወጣው ስም ደግሞ የእኔ ነው።

ኮምፒውተሩ አንደኛውን ሲዲ ዋጠ። ሁለተኛውን ዋጠ። ሦስተኛው ላይ፣ ግማሹን ካለፈ በኋላ ቆመና ቦታ የለም አለ። ሁለት መቶ ሜጋ ጎደለው። ያልሰረዝነው ነገር አልነበረም፤ የኳሱ ጌም ሄዷል፤ ታምራት ለስክሪኑ ጌጥ የሚያደርጋቸውን የፏፏቴ ፎቶዎች ሳይቀር መሥዋዕት አድርጓል። የቀረው አንድ ነበር። ደንቡ ደንብ ነውና ድሪባ በዝናቡ ሮጦ ጋሽ ሸምሱን ከበረንዳቸው ጠራቸው። አንገታቸው ላይ ክር እንደተንጠለጠለ መጡ።

«ስንት ነው የጎደለህ ቲቸር?»

«ሁለት መቶ ሜጋ።»

«የኔስ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ምናምን።»

«ታዲያ ልክህ ነዋ!» አሉና ሳቁ፤ ሱሪ የሚለኩልኝ ይመስል። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ቅር አላላቸውም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከተማው ያለው ታምራት በሰጣቸው የጌሙ ሲዲ ውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለሲዲው ከካኪ ጨርቅ ማኅደር ሰፍተውለት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ታምራትም ድሪባም እንደዚያው ነበር የሚያምኑት። እኔ ብቻ ነኝ መጠራጠር የነበረብኝ፤ የማነብ እኔ ነበርኩና።

መሰረዣውን ከፈትኩላቸው። አንድ ጽሑፍ መጣ፤ ሁለት መስመር ተኩል። ጌሙን ላጥፋ ወይ ይላል፤ ቀጥሎም ተጫዋቹ ያስቀመጣቸውን ከተሞች አብሬ ላጥፋ ወይስ ላቆይ ይላል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

ሌሎቹ ሁሉ ከኋላዬ ቆመዋል። ሦስተኛው ሲዲ ግማሽ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከተማው ይቆይ ካልን ቦታው ዳግም ሊጎድል ነው ብዬ አሰብኩ። የማሰብ ያህል አላሰብኩም፤ ያ ሁሉ የሆነው አንድ ትንፋሽ በሚወስድ ጊዜ ውስጥ ነው።

«ላጥፋው ወይ ነው የሚለው» አልኳቸው።

«በለው እንግዲህ። ሲዲው ኪሴ ውስጥ አይደል?» ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። የቱን እንደሚጫኑ በጣቴ አሳየኋቸው። በደንቡ መሠረት፣ በገዛ እጃቸው ተጫኑት።

አራቱንም ሲዲ የበላው ጌም በዚያ ማሽን ላይ በቅጡ አልሠራም። ወታደሮቹ እንደ ሪህ በሽተኛ እየተንቀጠቀጡ አንድ እርምጃ ሄደው ያርፋሉ። ሦስት ሳምንት ታገልኩት፤ ከዚያ እኔም በገዛ እጄ፣ ምንም ሳልጸጸት ሰረዝኩት።

የጋሽ ሸምሱ ዕጣ የወጣው ከጾም ወር በኋላ ነው። አዲስ ኮፍያ አድርገው መጡ። ካኪውን ማኅደር ፈትተው ሲዲውን ሰጡን፤ ተጫነ፤ ተከፈተ። አረንጓዴ ሜዳ ነበር። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ቤት የሌለበት ሜዳ።

ሜትሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ሰዎቹስ?» አሉ።

ታምራት ቀለል ሊያደርገው ፈለገ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ከተማ አይደል? እንደገና ይሠሩታል።»

«ሱቄ የፈረሰ ዕለትም እንደዚሁ ተብያለሁ።»

እኔም የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም። «ሲዲው ተጭሮ ይሆናል።»

ሲዲውን አወጡት፤ ተነፈሱበት፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ወደ በሩ ወስደው በብርሃን አዩት። ወደ ማኅደሩ መልሰው ወጡ። በኋላ እንደሰማነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ኪቶ ፉርዲሳ ድረስ በባጃጅ እየሄዱ፣ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር ላይ ያሉትን ኮምፒውተር ቤቶች አንድ በአንድ አዳርሰዋል። ገብተው ሲዲውን ያወጡና «ከተማዬን ክፈቱልኝ» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን የፈተና ወረቀት ስተይብ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ተነስቼ ወንበር ላመቻችላቸው ስል «ዺሲ፣ ተወው፣ ተቀመጥ» አሉኝ። «የካምፓሱ ልጆች ነገሩኝ» አሉ። «ከተማው ሲዲው ውስጥ አይደለም አሉ። ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ሳይጠይቅ ደግሞ አያጠፋም አሉኝ።» ፊቴን አላዩም፤ የሚያዩት ስክሪኑ ሥር የተለጠፈውን ሜትር ነበር። «ቲቸር፣ የዚያን ዕለት ምን ነበር ያለው?»

«ረሳሁት ጋሽ ሸምሱ።»

«እሺ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ረዥም ጽሑፍ ነበር። አንተ ግን ባጭሩ ነገርከኝ።»

ከዚያ ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «ከጾሙ በፊት የለካሁህ ሱሪ አልቋል። መጥተህ ውሰደው» አሉኝ። ሄጄ ወሰድኩት። ወገቡ ልክ ነው፤ ርዝመቱ ልክ ነው፤ እንዲያ ልክ የሆነ ሱሪ ከዚያ በኋላ ለብሼ አላውቅም። በቦታ እቁቡ ግን ስማቸውን ዳግመኛ ኮፍያ ውስጥ አላስገቡም፤ ስድስት ሆነን ጥቂት ቆየንና ተበተንን።

ዝም ያስባለኝ ቦታ ማጣት ነበር ብዬ ለዓመታት ራሴን አጽናንቻለሁ። አንድ ተማሪዬ ግን አንድ ቀን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ጌም ሲጫወት የሠራው ከተማ ስንት ቦታ እንደሚይዝ አሳየኝ። ጋሽ ሸምሱ ስለ ሱቃቸው ካጻፉት የአንድ ገጽ ማመልከቻ የሚበልጥ አልነበረም። ሁለት መቶው ሜጋ የጌሙ ነበር፤ የግድግዳው፣ የዛፉ፣ የመኪናው ሥዕል። ሰውየው የሠሩት ግን፣ መንገዱና መስጊዱና የማዕዘኗ ሱቅ፣ ከምንም አይቆጠርም ነበር። ይቆይ ብንል ኖሮ ምንም አይጎድልብንም ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ሰው ሁሉ በጌም ትልቅነት ሲያማርር አብሬ የማላማርረው። ትልቁ ነገር በኋላ ከየትም ይገኛል፤ ያጠፋሁትን ትንሹን ግን የትም አላገኘሁትም።

ታምራት በኋላ ቤቱን ዘጋ። ኮምፒውተሮቹን ከነስክሪናቸው ሊሙ ገነት ላለ ሰው ሸጣቸው፤ ገዢው ማን እንደነበረ ድሪባም አያስታውስም። እኔ አዲስ አበባ ገባሁ። ጋሽ ሸምሱ አጋሮ ልጃቸው ዘንድ ናቸው አሉኝ፤ መርፌ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። አጋሮን አልፌ በሄድኩ ቁጥር ወርጄ ልጠይቃቸው አስባለሁ፤ ግን ምን ይዤ?

ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለማህሌት ነገርኳት። ጌሟን ትታ ሰማችኝ። «የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም እኮ አባዬ» አለችኝ። «ሌላ ነገር እስኪተኛበት ድረስ እዚያው ነው ያለው።»

«የኔ ጌም ተኝቶበታላ። አራት ሲዲ ሙሉ።»

«ከተማው ትንሽ ነበር አላልክም?» አለችኝ። «ትንሽ ነገር በትልልቆቹ መካከል ሊተርፍ ይችላል።»

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጅማ የሚለውን ፎልደር ትታ የራሷን አሮጌ ጌም ልትሰርዝ ነበር፤ ጽሑፉም መጣ። ሁለት መስመር ነው። ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ እንግሊዝኛ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች፣ ግን አላቋረጠችኝም።

እንግዲህ ለአንተ፣ ይህን ለምታነበው፦ ሊሙ ገነት ወይም በዙሪያዋ ካለህ፣ በስክሪኑ ሥር የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሃያ ስምንት ሳንቲሜትር፣ የተለጠፈበት አሮጌ ኮምፒውተር ቤትህ ወይም ዕቃ ቤትህ ውስጥ ካለ፣ ምንም አትጫንበት። አትክፈተው። ዲስኩን አውጥተህ ስጠኝ።